አክስቴ ቤት ጣሪያ ላይ ያለችው ማመንጫ

አክስቴ የምትኖረው ደሴ፣ ሮቢት ነው። እኔ ኮምቦልቻ ነኝ። ሃያ ዓመት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን ኖሬ፣ አሁን አሁን ሰው ሱቄ ድረስ እየመጣ "ሶላር ትከልልኝ" ይለኛል። ባለፈው ኅዳር አንድ ማታ አክስቴ ደወለች።

"አንተ ልጅ፣ ያ የሰቀልክልኝ መስታወት ሥራውን ትቷል።"

ፓነሉን "መስታወት" ነው የምትለው። "እትዬ አብሽሪ፣ ነገ እመጣለሁ" አልኳት። በማግስቱ ሐረጎን ወጥቼ ደሴ ገባሁ። መሰላል ተውሼ ጣሪያው ላይ ስወጣ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የተከራዩ ልጅ አዲስ ዲሽ ተክሏል፤ ከሁለቱ ፓነሎች ከአንዱ ፊት ለፊት፣ በደቡብ በኩል። የዲሹ ጥላ ፓነሉ ታችኛው ጥግ ላይ የእጅ መዳፍ የምታክል ቦታ ይዟል። በመልቲሜትር ለካሁት። ከዚያ ፓነል የሚመጣው ኃይል ከግማሽ በታች ወርዷል። ዲሹን ነቅለን ከፓነሎቹ በስተሰሜን ተከልነው። አለቀ።

ሶላር ሲነሳ ሰው ስለ ፀሐይ ነው የሚያወራው። ወሎ ውስጥ ፀሐይ ቸግሮኝ አያውቅም። የሚያስቸግረኝ ጥላ ነው። ከዚያ ቀጭን ሽቦ። ከዚያ ደግሞ ሳይቆጥሩ መግዛት። ቤታችሁ ላይ ትንሽ የፀሐይ ማመንጫ ልትተክሉ ካሰባችሁ፣ ለአክስቴ የሠራሁትንም በየቦታው ያበላሸሁትንም እነግራችኋለሁ።

መስታወቱ ውስጥ ምን አለ?

አንድ ፓነል ጠጋ ብላችሁ እዩ። ከመስታወቱ ሥር ሰማያዊ ወይም ጥቁር ካሬዎች ተደርድረዋል። እያንዳንዷ ካሬ ሴል ትባላለች። በላይዋ እንደ ፀጉር የቀጠኑ የብር መስመሮች ያልፋሉ፤ እነሱን የሚያቋርጡ ወፈር ያሉ ጥቂት መስመሮችም አሉ። ካሬዋ የተሠራችው ከሲሊከን ነው። ሲሊከን ከአሸዋ ዘር የሚወጣ ነገር ነው፤ እዚህ እስኪደርስ ግን ብዙ እሳትና ብዙ ማጣራት ያያል።

ሴሏ ሁለት ንብርብር አላት። በአንደኛው ላይ ቅንጣት ታህል ፎስፈረስ ይጨመራል፣ በሌላኛው ላይ ቦሮን። ፎስፈረስ ያለበት ወገን ትርፍ ኤሌክትሮን አለው። ቦሮን ያለበት ወገን ኤሌክትሮን ጎድሎታል። ሁለቱ የሚገናኙበት ድንበር ወደ አንድ ወገን ብቻ እንደሚከፈት በር ይሆናል። ያስወጣል፣ መመለስ ግን አይፈቅድም። ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሮን ከቦታው ይነቀላል። የተነቀለው በበሩ ተገፍቶ ይወጣል። በመጣበት መመለስ ስለማይችል በብሩ መስመር ሄዶ፣ በሽቦው ዞሮ፣ አምፖሉን አብርቶ፣ በጀርባ በኩል ወደ ቤቱ ይገባል። ከፀሐይ የሚገኘው ኤሌክትሪክ ይኸው ዙረት ነው። የሚሽከረከር ነገር የለም። የሚቃጠል ነገር የለም። ድምፅ እንኳ የለውም፤ አክስቴን መጀመሪያ ያሳሰባት ይሄ ነበር። "ሲሠራ በምን ይታወቃል?" አለችኝ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ብርሃን ኤሌክትሪክ እንደሚያስነሳ ኤድሞንድ ቤከሬል የተባለ ፈረንሳዊ ያየው በ1839 እ.ኤ.አ. ነው። ለሥራ የሚበቃው የሲሊከን ሴል ደግሞ በ1954 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በቤል ላብራቶሪ ተሠራ። ያኔ ካረፈበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው 6 በመቶ ያህል ነበር። ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት ጥሩዎቹ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ናቸው። ይቺን 20 በመቶ ያዙልኝ፤ ስንገዛ ትጠቅመናለች።

አንዲት ሴል ብቻዋን የምትሰጠው ግማሽ ቮልት ገደማ ነው። ስለዚህ በተከታታይ ያያይዟቸዋል። "12 ቮልት" የሚባለው የተለመደ ፓነል 36 ሴል አለው፤ ሲሠራ 18 ቮልት ገደማ ይሰጣል። ቮልትና አምፔር ለሚምታታባችሁ እንዲህ አስቡት። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ 600 ሜትር ገደማ ቁልቁለት ነው። የቁልቁለቱ ከፍታ ቮልት ነው። በመንገዱ የሚያልፈው የመኪና ብዛት አምፔር ነው። ሁለቱ ሲባዙ ዋት ይሆናሉ።

አሁን የዲሹ ነገር ይገባችኋል። ሴሎቹ በተከታታይ ስለታሰሩ ሰልፍ ሠርቶ ጡብ እንደሚቀባበል ሠራተኛ ናቸው። መሀል ላይ አንዱ ከተኛ የቀረው እጁን አጣጥፎ ይቆማል። ፓነሉ ጀርባ ባለችው ጥቁር ሳጥን ውስጥ ባይፓስ ዳዮድ የሚባሉ አሉ፤ የተኛውን ክፍል ዘለው ያሳልፋሉ። ግን ባለ 36 ሴሉ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ሁለት ብቻ ነው። አንዲት ሴል ስትጋረድ የሚዘለለው ግማሹ ፓነል ነው። የቀረው ግማሽ 9 ቮልት ነው፤ 9 ቮልት ደግሞ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አይሞላም። መዳፍ የምታክል ጥላ እንዲህ ነው ቤት የምታጨልመው።

መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ

ሱቄ የሚመጣ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው "ስንት ዋት ልግዛ?" ነው። እኔ ደግሞ "ማታ ማታ ምን ምን ታበራለህ?" እላለሁ። አንዳንዱ ይናደዳል። ግን ከፓነል አይጀመርም፤ ከአምፖል ነው የሚጀመረው።

ከአክስቴ ጋር ቡና እየጠጣን ነው የቆጠርነው። አምስት አምፖል፣ እያንዳንዱ 7 ዋት፣ በቀን 5 ሰዓት፤ 175 ዋት-ሰዓት። ቴሌቪዥኑ 50 ዋት፣ 5 ሰዓት፤ 250። ሪሲቨሩ 15 ዋት፣ 5 ሰዓት፤ 75። ዋይፋዩ 10 ዋት፣ 14 ሰዓት፤ 140። የልጆቹ ነው፣ አይነካም። ሦስት ስልክ፣ ለአንዱ 20 ብንል፣ 60። ድምሩ 700 ዋት-ሰዓት መጣ። ዋት-ሰዓት ማለት ዋቱን በሚሠራበት ሰዓት ማባዛት ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

አክስቴ ስኒዋን አስቀምጣ "ምጣዱስ?" አለች።

ይህን የማይጠይቅ የለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። አንድ ሰዓት ከጋገረች የአራት ቀን መብራቷን በላች ማለት ነው። ካውያም፣ ምድጃም፣ ውሃ ማሞቂያም ያው ናቸው። ሙቀት የሚያወጣ ነገር ሁሉ ለትንሽ ሶላር ጠላት ነው። "ምጣዱ መብራት ሲመጣ" ብዬ አስቀረኋት። ደስ አላላትም።

700 ወጣ ብላችሁ በ700 ብቻ እንዳትሠሩ። በሽቦ፣ በባትሪ፣ በኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ በሚቀይረው ሳጥን)፣ በአቧራ፣ በሙቀት 30 በመቶ ያህሉ መንገድ ላይ ይቀራል። 700 ለ0.7 ሲካፈል 1,000 ነው። ፓነሉ በቀን 1,000 ዋት-ሰዓት ማምጣት አለበት።

ፀሐይ ደግሞ ከማለዳ እስከ ማታ እኩል አትሰጥም። ስለዚህ የቀኑ ብርሃን ሁሉ ተሰብስቦ እንደ ጠራ ቀትር ቢሆን ስንት ሰዓት ይወጣዋል ተብሎ ይሰላል። በአገራችን አብዛኛው ቦታ 5 ወይም 6 ሰዓት ነው። እኔ ደሴ ላይ 4 ብቻ እቆጥራለሁ። አንደኛ፣ ጦሳ አለ። ከተማው ከተራራው ሥር ስለሆነ ጦሳ ፀሐይዋን ቀድሞ ይውጣታል፤ ኅዳር ላይ የአክስቴ ግቢ 11 ሰዓት ሳይሞላ ጥላ ነው። ሁለተኛ፣ ጉሙ አለ። የደሴ ሰው ስለ ጉም እንድነግረው አይፈልግም። 1,000 ለ4 ሲካፈል 250 ዋት። ያገኘነው ባለ 150 ስለነበር ሁለት ገዛን፤ 300። ትርፉ ለክረምት ነው።

ባትሪው ለብቻው ይቆጠራል። ኢንቨርተሩ የሚበላውን ጨምሩና 700ውን 800 አድርጉት። የእርሳስ ባትሪ፣ አሲዱ የረጋበት ጄል የሚባለውም ቢሆን፣ ከግማሽ በታች ባይወርድ ይሻላል። በየቀኑ እስከ አተላው የሚጨለጥ ባትሪ ዕድሜ የለውም። ስለዚህ እጥፍ፤ 1,600። ለ12 ቮልት ሲካፈል 133 አምፔር-ሰዓት፤ የባትሪ መጠን የሚጻፈው በዚህ ነው። ባለ 150 ገዛን። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ቢሆን 80 በመቶውን ያለ ሐሳብ መጠቀም ስለሚቻል ባለ 100 ይበቃ ነበር። ዕድሜውም ከጄል በብዙ ይበልጣል። ዋጋው ግን መጀመሪያ ላይ ያስደነግጣል። አቅሙ ካላችሁ እሱን ግዙ፤ አክስቴም ይሄኛው ሲያልቅ ወደ እሱ ነው የምወስዳት።

የመኪና ባትሪ ግን አደራ። የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ለአፍታ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ እንዲሰጥ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ጨለማ ውስጥ ስንቀመጥ እኔም ከቆመ መኪና በወጣ ባትሪ ነበር ስልክ የምሞላው። ለክፉ ቀን ይሁን። ለኑሮ አይሆንም።

ሜትር ይዞ ገበያ መውጣት

የመጀመሪያዬን ፓነል ስገዛ ተሸውጃለሁ። ጀርባው ላይ በትልቁ "200 ዋት" ይላል። ጥሩ ቀን ላይ እንኳ 130 አላለፈም። ለኤሌክትሮኒክስ ሠራተኛ ይሄ ያሳፍራል፤ ለሰው ሳልናገር ብዙ ጊዜ ቆየሁ። በኋላ ቁጭ ብዬ በሜትር ለካሁት። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ20፣ ስፋቱ 55 ሳንቲሜትር። 0.66 ካሬ ሜትር ነው።

አሁን ያቺን 20 በመቶ አምጡልኝ። በጠራ ቀትር አንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል 1,000 ዋት ያህል ነው። ፓነሉ 20 በመቶውን ቢቀይር 200 ዋት። ስለዚህ ከአንድ ካሬ ሜትር ፓነል 200፣ ምርጥ ከሆነ ትንሽ አለፍ ያለ ዋት ይገኛል። በ0.66 ካሬ ሜትር 200 ዋት የሚሰጥ ፓነል ለእኔ ቢጤ ገበያተኛ አይሸጥም። የልብስ ሰፊ ሜትር ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። ባለሱቁ ስታወጡት ፊቱ ከተለዋወጠ እሱም መልስ ነው።

ሁለተኛው ፈተና መልቲሜትር ነው። ፓነሉን በቀትር ሱቁ በር ላይ አውጡት። ምንም ሳይያያዝበት ባለ 36 ሴሉ 21 ወይም 22 ቮልት ማሳየት አለበት። ግን ቮልት ብቻ አያሳምናችሁ፤ ደካማ ፓነልም ቮልቱ ያማረ ነው። አምፔሩን ለኩ። የመልቲሜትሩን ቀዩን ገመድ 10 አምፔር የሚለው ቀዳዳ ውስጥ ከትታችሁ የፓነሉን ሁለት ጫፍ ብትነኩበት ፓነሉ አይጎዳም። ባለ 150 ዋቱ 8 አምፔር አካባቢ ካሳየ ተስማሙ። 4 ካሳየ አመስግናችሁ ውጡ። ከ10 አምፔር በላይ የሚሰጥ ትልቅ ፓነል ላይ ግን ይህን አታድርጉ፤ መልቲሜትሩ ይቃጠላል። ባትሪ ላይማ በሕልማችሁም እንዳትሞክሩት።

ባትሪን በክብደቱ እወቁት። ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 100 አምፔር-ሰዓት ጄል 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በአንድ እጅ ብድግ ካለላችሁ ውስጡ የተጻፈውን ያህል እርሳስ የለም።

ኮንትሮለሩ በፓነልና በባትሪ መሀል የሚቀመጥ ዘበኛ ነው። ባትሪው ሲጠግብ ይዘጋል፣ ሲራብ ይከፍታል። ሁለቱ ፓነሎቻችን ጎን ለጎን ሲያያዙ 17 አምፔር ገደማ ይሰጣሉ፤ ባለ 30 አምፔር አደረግንበት። ኢንቨርተሩ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 ቮልት ይቀይራል። የአክስቴ ዕቃ ሁሉ በአንዴ ቢበራ 150 ዋት አይሞላም። ባለ 500 ዋት ይበቃል፤ ንጹሕ ሳይን የሚባለውን ግዙ። ርካሹ ኢንቨርተር ቴሌቪዥኑን ያስጮኸዋል፤ የፍሪጅ ሞተርም አይወደውም።

ጣሪያው ላይ

ስትወጡ ጠመኔ ያዙ። ቀኑ የጠራ ይሁን። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጥላ ያረፈበትን ሁሉ ክበቡ። 6 ሰዓት ላይ ድገሙ። 9 ሰዓት ላይ ድገሙ። ጠመኔ ያልነካው ቦታ የፓነሉ ቦታ ነው። ቢቻል ታኅሣሥ ላይ አድርጉት። ፀሐይ ወደ ደቡብ እጅግ የምታዘነብለው ታኅሣሥ 12 አካባቢ ነው፤ የቀትር ጥላ የሚረዝመው ያኔ ነው። በዚያ ሰሞን 1 ሜትር የሚቆም ነገር በቀትር 70 ሳንቲሜትር ያህል ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል። ጠዋትና ከሰዓት ከዚያም ይረዝማል። የጎረቤት ባህር ዛፍም አይረሳ። ዘንድሮ አጥር ያልዘለለ ባህር ዛፍ ከሁለት ዓመት በኋላ ከጣሪያችሁ በላይ ነው። አክስቴ ጎረቤቷን ቡና ጠርታ አስቆርጣዋለች። ይህን እንኳ የትም ትምህርት ቤት አያስተምሩም።

የፓነሉ ፊት ወደ ደቡብ ይሁን። ደሴም ኮምቦልቻም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ናቸው። ደቡብን በስልክ ኮምፓስ አትፈልጉ፤ ቆርቆሮ ላይ ይዋሻል። ግቢ ውስጥ ቀጥ ያለ ዘንግ አቁሙና ጥላው በጣም የሚያጥርበትን ሰዓት ጠብቁ። እውነተኛው ቀትር እኛ ጋ ልክ 6 ሰዓት ላይ አይደለም። እንደ ወሩ ከ6 ከ5 ጀምሮ 6 ተኩልን አልፎም ይመጣል፤ የአገሪቱ ሰዓት የተቆረጠው ከእኛ በስተምሥራቅ ባለ መስመር ስለሆነ ነው። በበጋ ያ አጭር ጥላ የሚያመለክተው ሰሜንን ነው። ፓነሉ ለጥላው ጀርባውን ይስጠው።

አንድ አስተማሪ ደንበኛዬ "ክረምት ላይ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ታልፍ የለም እንዴ?" ብሎ ያዘኝ። ልክ ነው። ከሚያዝያ 12 አካባቢ እስከ ነሐሴ 17 አካባቢ በቀትር ፀሐይዋ ከራሳችን በስተሰሜን ናት። ግን ፓነሉ ብዙ ካላዘነበለ የሚያጣው ጥቂት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ደመና ነው፤ የደመና ብርሃን ከየአቅጣጫው ነው የሚመጣው። የሚያዋጣው ለበጋው ማዞር ነው።

ዘንበል ማለቱ 15 ዲግሪ ይበቃል። የዲግሪ መለኪያ አያስፈልግም። ለእያንዳንዱ 1 ሜትር የፓነል ርዝመት የላይኛውን ጫፍ 26 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጉት፤ 15 ዲግሪ ነው። ከ10 በታች ከሆነ ዝናብ አቧራውን ጠርጎ አይወስደውም፤ ታችኛው ጠርዝ ላይ ጭቃ ይሠራል። ጭቃውም ጥላ ነው።

ከቆርቆሮው ጋር ደግሞ አታጣብቁት። ፓነል ብርሃን እንጂ ሙቀት አይወድም። ጀርባው ላይ የተጻፈው ዋት የተለካው ሴሉ 25 ዲግሪ ላይ ሆኖ ነው። ኮምቦልቻ በቀትር ቆርቆሮ ላይ የተኛ ፓነል 60 ዲግሪ ይደርሳል። በየዲግሪው 0.4 በመቶ ያህል ይቀንሳል። 35 ዲግሪ ትርፍ ሙቀት 14 በመቶውን ወሰደው ማለት ነው። የደሴን ብርድ ታማርራላችሁ፤ ለፓነል ግን ደሴ ትመቻለች። በጠራ የጥቅምት ቀን የአክስቴ ፓነል እኔ ሱቅ ላይ ካለው ተመሳሳይ ፓነል የተሻለ ሲሰጥ ለክቼ አይቻለሁ፤ ቀናሁባት። በሥሩ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ክፍተት ተዉ፤ ነፋስ ይለፍበት።

እግሩን ከአንግል ብረት አሠርቱ። ቡሎኑ ቆርቆሮውን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ሞራሌ ይያዝ፤ አለዚያ አንድ ማታ ንፋስ ፓነሉን ከነቆርቆሮው ይገነጥለዋል። ቀዳዳው ላይ ጎማ አድርጉ። በረዶ ያሰጋችኋል? ደህና ፓነል ገበያ ከመውጣቱ በፊት ናሙናው 25 ሚሊሜትር በሚሆን የበረዶ ኳስ እየተመታ ይፈተናል። ልጆች የሚወረውሩት ድንጋይ ይበልጥ ያሳስበኛል።

ሽቦው የሚበላው

ከፓነሉ እስከ ባትሪው 12 ሜትር ነበር። መጀመሪያ የዘረጋሁት ሱቄ ውስጥ የተረፈ 1.5 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ ነው። "አምፖል የሚያበራ ሽቦ ምን ይሆናል" ብዬ። ሳምንት ሙሉ ባትሪው አልጠገብ አለ። ወጥቼ ለካሁ። ፓነሉ ጋ 17.5 ቮልት፣ ኮንትሮለሩ ጋ 13። በመሀል አራት ተኩል ቮልት የት ገባ? ሽቦውን በእጄ ያዝኩት፤ ሞቅ ብሏል። 16 አምፔር በ24 ሜትር ቀጭን ሽቦ፣ ሄዶ መመለሱ ስለሚቆጠር፣ ሲያልፍ 70 ዋት ገደማ ሽቦውን እያሞቀ ነው። ባትሪው ለመጥገብ 14 ቮልት ከምናምን ይፈልጋል፤ በዚያ ሽቦ አይደርስለትም።

ወደ 10 ሚሊሜትር ካሬ ቀየርኩት። ክፍተቱ ከ1 ቮልት በታች ወረደ፤ ባትሪውም በሁለተኛው ቀን ጠገበ። 220 ቮልት ላይ የለመድነው የሽቦ ውፍረት 12 ቮልት ላይ አይሠራም። ለተመሳሳይ ዋት አምፔሩ ብዙ እጥፍ ነው። ሽቦ ላይ አትቆጥቡ፤ መቆጠብ ካለባችሁ ርቀቱን አሳጥሩ።

ማያያዝ ስትጀምሩ ቀለበትና የእጅ ሰዓት አውልቁ። ባትሪ 12 ቮልት ነው ብላችሁ አትናቁት። ሁለቱን ጫፍ ብረት ቢነካው በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይተፋል፤ ቀለበት በጣት ላይ ይግላል። ከባትሪው ቀይ ጫፍ አጠገብ፣ ከአንድ ስንዝር ብዙ ሳይርቅ፣ ፊውዝ ይኑር። ለእኛ ኢንቨርተር 60 አምፔር አደረግሁ። ከፓነሉ በሚመጣው ላይ ደግሞ ብሬከር፤ ግን ለዲሲ፣ ማለትም ከፓነልና ከባትሪ ለሚመጣው ባለ አንድ አቅጣጫ ኤሌክትሪክ፣ የተሠራ ይሁን። የቤት ብሬከር ዲሲ ላይ ሲዘጋ ብልጭታው ቶሎ አይጠፋም፤ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ቅደም ተከተሉን በቃላችሁ ያዙ። መጀመሪያ ባትሪውን ከኮንትሮለሩ። ከዚያ ፓነሉን። መጨረሻ ላይ የቤቱን ዕቃ። ስትፈቱ በግልባጩ። ኮንትሮለሩ ባትሪውን ሳያውቅ የፓነሉ ቮልት ከገባበት ግራ ይጋባል። ጀማሪ ሳለሁ አንዱን እንዲህ ገድያለሁ። ትንሽ ጭስ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ፣ ከዚያ ዝም። ደንበኛው አጠገቤ ቆሞ "እንዲህ ነው ሚጀምረው?" አለኝ። ከኪሴ ገዝቼ ተካሁለት።

ኢንቨርተሩን ከቤቱ ሽቦ ጋር ለማገናኘት ካሰባችሁ ቼንጅ ኦቨር ማብሪያ የግድ ነው። ወይ መብራቱ፣ ወይ ሶላሩ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ መግባት የለባቸውም። መብራት ሄዷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ የእናንተ ኢንቨርተር ሊገድለው ይችላል። ይሄ ቀልድ የለበትም። ይህቺን ክፍል ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስጡ፤ እኔን ባይሆንም።

አክስቴ ባትሪውን መኝታ ቤት፣ ከአልጋዋ ሥር ልታደርገው ነበር፤ እንዳይሰረቅ። ባትሪ ሲሞላ ጋዝ ሊያወጣ ይችላል። ዕጣንና ከሰል ከሚጨስበት፣ ከምትተኙበትም ይራቅ። ነፋስ የሚያገኘው፣ ደረቅ፣ ከወለል ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ይሁን። ጓዳው ውስጥ በጣውላ ላይ አስቀመጥነው፤ በሩን ቁልፍ አደረግንለት።

ከተተከለ በኋላ

ሥራው ጥቂት ነው። በጋ ላይ በየሁለት ሳምንቱ አቧራውን በውሃና በለስላሳ ጨርቅ፣ ማለዳ ላይ። በቀትር በጋለው መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉ። ከወር በኋላ ሁሉንም ቡሎን በመፍቻ አጥብቁ፤ መጀመሪያ ላይ ይላላሉ።

ክረምት ግን ሌላ አገር ነው። ጉሙ ሲቀመጥ ፓነሉ የሚሰጠው ከአቅሙ አሥረኛው ወይም ሩቡ ሊሆን ይችላል። ሐምሌ ላይ ሦስት ቀን ፀሐይ ሳትታይ ስትቀር 300 ዋትም ይጨንቀዋል። ለዚህ ኮንትሮለሩ ላይ ያለውን የቮልት ቁጥር ማንበብ ለአክስቴ አስተማርኳት። 12.2 ሲያሳይ ባትሪው ወደ ግማሽ ወርዷል። ቁጥሩን በትልቁ ጽፌ በቀይ ፕላስተር ከሥሩ ለጠፍኩላት። እዚያ ሲደርስ መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል። ከዚያ ዋይፋዩ። አንድ አምፖልና ስልክ መጨረሻ ድረስ ይቆያሉ። ዋይፋዩን ማን እንደሚያጠፋ ግን ከክረምቱ በፊት ቤት ውስጥ ተነጋገሩበት።